አይአርኤያችሁን ያለ ጊዜው ከመንካታችሁ በፊት፦ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላለው ኮንዶሚኒየም ክፍያ ጎደለኝና ከአይአርኤዬ (በግል ለጡረታ የሚቀመጥበት የአሜሪካ አካውንት ነው) ላይ 12,000 ዶላር አወጣሁ። አካውንቱን የያዘው ኩባንያ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ «10 በመቶ ቀንሰን እንልካለን» አለችኝ። ያለ ጊዜው፣ ማለትም 59 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ማውጣት 10 በመቶ ቅጣት እንዳለው ሰምቻለሁ። እንግዲያው ቅጣቱን እዚያው ከፍዬ ተገላገልኩ አልኩ። 10,800 ዶላር ባንኬ ገባ፣ በማግስቱ ወደ አገር ቤት ተላከ። ኤፕሪል ላይ ታክስ የሚሠራልኝ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ «2,130 ዶላር ይቀርብሃል» አለኝ።

የተቀነሰው 10 በመቶ ቅጣቱ አልነበረም። የገቢ ታክስ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቅጣቱ ራሱን የቻለ ሌላ 10 በመቶ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰላቸው ስንቱን ሰው እንዳሳሳተ እግዜር ይወቀው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለሚኖር፣ ደመወዝ ወይም የሾፌርነት ገቢ ላለው፣ ችግር ሲመጣ ዓይኑ ወደ አይአርኤው ለሚሄድ ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከገንዘብ መጠኖቹ አንዳንዶቹ በየዓመቱ ስለሚስተካከሉ ከማውጣታችሁ በፊት የዓመቱን ቁጥር አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ እዩ።

ደረጃ 1፦ ያላችሁ የትኛው አካውንት ነው?

አፑን ክፈቱና የአካውንቱን ስም አንብቡ። «ትራዲሽናል»፣ «ሮዝ»፣ «ሮልኦቨር» ወይም «ሴፕ» ይላል። እየሳቃችሁ ከሆነ፣ ለዓመታት ሲያስቀምጡ ኖረው የትኛው እንዳላቸው የማያውቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ትራዲሽናሉ የቆየው ነው፤ በ1974 በወጣ ሕግ የመጣ። ስታስገቡ ገንዘቡ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያችሁ ላይ ይቀነስላችኋል፣ ስታወጡ ደግሞ ታክስ ትከፍሉበታላችሁ። ስለዚህ አፑ ላይ የምታዩት ቁጥር ሁሉ የናንተ አይደለም። ውስጡ የመንግሥት ድርሻ አለ፣ ገና አልተጠየቃችሁም እንጂ።

ሮዝ ስንል ቀለሙን አይደለም፤ የዴላዌሩ ሴናተር ዊልያም ሮዝ ስም ነው። ሕጉ በ1997 ወጥቶ ከ1998 ጀምሮ ይሠራል። እዚህ የሚገባው ታክሱ አስቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ሲገባ ቅናሽ የለም። ደንቡ ተሟልቶ ሲወጣ ግን ትርፉም ጭምር ከታክስ ነፃ ነው።

ሮልኦቨር የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከድሮ መሥሪያ ቤት ፎር ኦ ዋን ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ አካውንት) የተዛወረ ገንዘብ ነው፣ እንደ ትራዲሽናል ቁጠሩት። የኔም ይህ ነበር፤ ሆቴል ስሠራ የተጠራቀመ። ሴፕ የግል ሥራ ላላቸው ነው፣ አወጣጡ ከትራዲሽናል አይለይም።

እግረ መንገዴን፦ አይአርኤ ድስቱ እንጂ ወጡ አይደለም። ገንዘብ አስገብታችሁ ምንም ካልገዛችሁበት በጥሬው ተቀምጦ ነው የሚያረጀው። ውስጡ አክሲዮን፣ ፈንድ፣ ቦንድ መግዛት የናንተ ሥራ ነው። ከወለድ መራቅ የሚፈልግ ሰውም በሃይማኖቱ የሚፈቀዱ ፈንዶችን መርጦ መግዛት ይችላል።

ደረጃ 2፦ ያስገባችሁት በደንቡ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ለማውጣት የሚቸኩል ሰው ስለ መግባት ማን ያስባል? ግን የወጣው ገንዘብ ታክስ የሚወሰነው በገባበት መንገድ ነው።

የዓመቱ ጣሪያ ለ2025 7,000 ዶላር ነበር፤ 50 ዓመት የሞላው 8,000። ለ2026 7,500 ሆኗል። ጣሪያው ትራዲሽናልና ሮዝ ላይ ተደምሮ ነው እንጂ ለእያንዳንዳቸው አይደለም። የአንድን ዓመት መዋጮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 15 አካባቢ ማስገባት ይቻላል፤ ታክስ ለማስገባት ጊዜ ማስራዘማችሁ ይህን ቀን አያራዝመውም።

ለማስገባት የሥራ ገቢ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይና የባንክ ወለድ አይቆጠሩም። ባለቤታችሁ ቤት ልጅ የምታሳድግ ከሆነና ታክስ አብራችሁ የምትሞሉ ከሆነ ግን በናንተ ገቢ ለእሷም በስሟ መክፈት ይቻላል።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለናንተ የሥራ ገቢ ማለት ተሳፋሪው የከፈለው አይደለም፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር። 40,000 ማይል የነዳ ሰው 28,000 ዶላር ከገቢው ላይ አነሳ ማለት ነው። ይህ ለታክስ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱ ላይ የቀረው ትርፍ 4,000 ዶላር ከሆነና ሌላ ሥራ ከሌላችሁ አይአርኤ ውስጥ 7,000 ማስገባት አትችሉም። ከሚፈቀደው በላይ ያስገባ ሰው ትርፉን እስኪያወጣው ድረስ በየዓመቱ 6 በመቶ ይቀጣል። ዝም ብሎ የሚበላ ቅጣት ነው፣ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ሮዝ የገቢ ጣሪያም አለው። ለ2025 ታክስ ብቻውን የሚሞላ ሰው ከ150,000 ዶላር ጀምሮ እየቀነሰበት ሄዶ 165,000 ላይ ይዘጋበት ነበር። ትራዲሽናል ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የጡረታ ዕቅድ ያለውና ገቢው ከፍ ያለ ሰው ማስገባት ቢችልም ቅናሹን ሊያጣ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና አስሉ

የኔን ሂሳብ ላሳያችሁ። ከትራዲሽናል 12,000 ዶላር። የፌደራል ታክሴ 12 በመቶ ላይ ነበር፣ 1,440። ዕድሜዬ ከ59 ዓመት ከመንፈቅ በታች ስለሆነ ቅጣቱ 10 በመቶ፣ 1,200። ቨርጂኒያ 5.75 በመቶ፣ 690። ድምሩ 3,330። ልጅቷ የቀነሰችው 1,200 ብቻ። ልዩነቱ 2,130፣ ያው መነጽሩን ያስወለቀው ቁጥር ነው።

ከ12,000ው በእጄ የቀረው እንግዲህ 8,670 ነው። 12,000 ሙሉውን የሚፈልግ ሰው ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፣ የሚወጣው ሲጨምር ደግሞ ታክሱም ይጨምራል።

እናንተ የራሳችሁን መቶኛ ከአምናው ታክሳችሁ ላይ ፈልጉ። የወጣው ገንዘብ ከደመወዛችሁ ላይ ተደምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋችሁ ይችላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ስቴቱ የራሱን 2.5 በመቶ ቅጣት ይጨምርባችኋል። ቴክሳስና ዋሽንግተን ስቴት ያላችሁ የስቴቱን መስመር ሰርዙት።

ደረጃ 4፦ ሮዝ ካላችሁ መጀመሪያ የሚወጣው የራሳችሁ ገንዘብ ነው

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደስ የሚለው ይህ ነው። ከሮዝ ስታወጡ ሕጉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ራሳችሁ ያዋጣችሁት፣ ቀጥሎ ከትራዲሽናል ወደ ሮዝ የለወጣችሁት፣ ትርፉ መጨረሻ።

ያዋጣችሁትን በማንኛውም ዕድሜ፣ ለማንኛውም ምክንያት፣ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ታወጣላችሁ። 18,000 ዶላር አዋጥታችሁ ዛሬ 24,500 ከደረሰ 18,000ው የራሳችሁ ነው። ለለቅሶ ይሁን፣ ለሠርግ፣ ለመኪና፣ ማንም «ለምን?» አይላችሁም። 6,500ው ትርፍ ላይ ከደረሳችሁ ነው ታክሱም ቅጣቱም የሚመጣው። ትርፉ ከታክስ ነፃ እንዲሆን ከመጀመሪያው መዋጮ ዓመት ጀምሮ አምስት ዓመት መቆጠርና 59 ዓመት ከመንፈቅ መሙላት ያስፈልጋል፤ የአካል ጉዳት፣ ሞትና የመጀመሪያ ቤት ዕድሜውን ይተኩታል። ከትራዲሽናል የተለወጠ ገንዘብ ደግሞ ለቅጣቱ የራሱ አምስት ዓመት አለው፣ በየልውውጡ።

ክፋቱ፣ ያወጣችሁትን ያህል በሌላ ጊዜ መልሳችሁ ማስገባት አትችሉም፤ የዓመቱ ጣሪያ ይይዛችኋል። እቁብ ቢሆን ዕጣው ዞሮ ይደርሳችኋል። የሮዝ ቦታ አንዴ ከተለቀቀ ተለቀቀ።

ደረጃ 5፦ ከቅጣቱ የሚያስመልጥ ምክንያት አላችሁ?

እዚህ ላይ የሚቀረው 10 በመቶው ቅጣት ነው እንጂ ከትራዲሽናል ሲወጣ የገቢ ታክሱ እንዳለ ነው። ሁለቱን አታምታቱ፣ ታክስ ሠሪዎችም «ነፃ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ቅጣቱን ብቻ ማለታቸው ነው።

የመጀመሪያ ቤት። በዕድሜ ልክ እስከ 10,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው። «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የመኖሪያ ቤት ያልነበረው ሁሉ ይገባበታል። ገንዘቡ በወጣ በ120 ቀን ውስጥ ለግዢው መዋል አለበት። ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ወይም ለወላጅ ቤትም ይሆናል። ግን ዋና መኖሪያ መሆን አለበት። እኔ «ያው ቤት ነው» ብዬ ነበር የተጽናናሁት። አሌክሳንድሪያ እየኖርኩ፣ እህቴ ቁልፉን የያዘችው አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ዋና መኖሪያዬ አይደለም። አለቀ።

ትምህርት። ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ከሆነም የመኝታና የምግብ ወጪ። ወጪውና ገንዘቡ የወጣበት ዓመት አንድ መሆን አለበት። አገር ቤት የምታስተምሩት የእህት ልጅ እዚህ ውስጥ የለም።

ሕክምና። ከተስተካከለ ጠቅላላ ገቢያችሁ 7.5 በመቶ በላይ የሆነው ያልተሸፈነ ወጪ። 60,000 ዶላር ገቢ ላለው ሰው የመጀመሪያው 4,500 አይቆጠርም። የሚቆጠረው የናንተ፣ የትዳር ጓደኛችሁና በታክስ ጥገኛ የሆኑ ሰዎች ወጪ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው አባታችሁ የሆስፒታል ወጪያቸውን በሙሉ ብትከፍሉም ለዚህ ጥገኛ አይባሉም። ይህን ሳውቅ እንዴት እንደከፋኝ አልነግራችሁም፤ ከኛ ሰው ግማሹ አይአርኤውን የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንገተኛ ችግር። ከ2024 ጀምሮ በዓመት አንዴ እስከ 1,000 ዶላር። ሕክምና፣ የመኪና ጥገና፣ ከቤት መባረር፣ የቀብር ወጪ ይገባበታል፤ ችግሩን የምታረጋግጡት ራሳችሁ ናችሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ መመለስ ይቻላል። ካልመለሳችሁ ወይም ያንን ያህል አዲስ ካላዋጣችሁ በነዚያ ሦስት ዓመታት ሌላ አይፈቀድም።

ልጅ ከተወለደ ወይም በጉዲፈቻ ከመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር፣ ለእናትም ለአባትም ለየብቻ። ሥራ አጥ ሆኖ ለ12 ተከታታይ ሳምንት የሥራ አጥ ክፍያ የተቀበለ ሰው የጤና ኢንሹራንሱን መክፈል ይችላል። የአካል ጉዳት፣ ለሞት የሚያደርስ ሕመም፣ ወራሽ ሆኖ መቀበልና ሌሎችም አሉ።

ደረጃ 6፦ ሌላ በር አንኳኩታችኋል?

ከአይአርኤ ብድር የለም። መያዣ ማድረግም አይቻልም፤ ካደረጋችሁት እንደወጣ ይቆጠራል። አሁን የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ፎር ኦ ዋን ኬ ካለው ግን ብዙዎቹ ያበድራሉ፣ እስከ ግማሹ፣ ከ50,000 ዶላር ሳይበልጥ። ብድር ስለሆነ ታክስም ቅጣትም የለም። ሥራውን ከለቀቃችሁ ግን ቀሪውን የዚያን ዓመት ታክስ እስክታስገቡ ድረስ ካልከፈላችሁ እንደወጣ ገንዘብ ይሆናል።

ሌላም አለ። በ55 ዓመታችሁ ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ከለቀቃችሁ ከዚያው መሥሪያ ቤት ፎር ኦ ዋን ኬ ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ያንን ገንዘብ ወደ አይአርኤ ካዛወራችሁት ይህ መብት ይጠፋል። 56 ዓመት ሆኗችሁ «ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስበው» የሚል ደላላ ከመጣ ይህን ጠይቁት።

ደግሞ የእቁባችሁን ዳኛ አናግሩ። ተራ ለመቀየር ሰው መለመን አይከብደንም፣ ቅጣትም የለው።

ደረጃ 7፦ አሁን አውጡ፣ ግን እንዲህ

የምታወጡት ከየትኛው አካውንት እንደሆነ ለይታችሁ ንገሯቸው። ደብልዩ-4አር የሚባለው ቅጽ ላይ ስንት በመቶ እንዲቀንሱ ትጽፋላችሁ። ዝም ካላችሁ 10 በመቶ ነው። ከሮዝ መዋጮ ብቻ የምታወጡ ከሆነ ዜሮ ማለት ትችላላችሁ። ከትራዲሽናል ከሆነ በደረጃ 3 ያገኛችሁትን ድምር አስቡና ከፍ አድርጉት፤ ለኔ ከ20 በመቶ በላይ ባደርገው ኖሮ ኤፕሪል ላይ ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

ወቅቱንም እዩ። ዲሴምበር ላይ ከሆናችሁና በሚቀጥለው ዓመት ገቢያችሁ የሚቀንስ ከሆነ ጃንዋሪን መጠበቅ ታክሱን ወደ ዝቅተኛው ዓመት ያዛውረዋል። ሁለት ሳምንት ትዕግሥት አንዳንዴ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል።

ጠቅልሎ አገር ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው ደግሞ ለብቻው ያስብበት። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ አዲስ አበባም ሆናችሁ ለአይአርኤስ ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ዜጋ ሳትሆኑ ግሪን ካርዱን መልሳችሁ ከሄዳችሁ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ ይህን የሚቀንስ የታክስ ስምምነት ስለሌላቸው ታክስ ከሚከፈልበት ክፍል 30 በመቶ በቅድሚያ ሊያዝ ይችላል። የወራሹንም ቅጽ ከመሄዳችሁ በፊት አስተካክሉ። አይአርኤ የሚሄደው አካውንቱ ላይ ስሙ ወደተጻፈው ሰው ነው፤ ኑዛዜ ላይ ሌላ ብትጽፉም።

ደረጃ 8፦ ወረቀቶቹ

በሚቀጥለው ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ 1099-አር የሚባል፣ ያወጣችሁትን የሚያሳይ ቅጽ ይደርሳችኋል። ሳጥን 7 ላይ 1 ካለ «ያለ ጊዜው፣ ምክንያቱን አላውቅም» ማለት ነው። ኩባንያው ቤት መግዛታችሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ምክንያት ካላችሁ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፣ በፎርም 5329። ቅጹ ላይ ለመጀመሪያ ቤት የሚጻፈው የምክንያት ቁጥር 09፣ ለትምህርት 08 ነው።

ሮዝ ከሆነ ፎርም 8606 ነው። ያዋጣችሁትን ካልጻፋችሁ አይአርኤስ ሁሉንም እንደ ትርፍ ሊቆጥረው ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ የሚላከውን 5498 የሚባል ቅጽ አትጣሉት። ስንት እንዳስገባችሁ ማስረጃው እሱ ነው። እኔ በፓስፖርት ቦርሳ ነው የማስቀምጠው።

ደረጃ 9፦ አውጥታችሁ ከጸጸታችሁ

ገንዘቡ በደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ መልሳችሁ አይአርኤ ውስጥ ካስገባችሁት እንዳልወጣ ይቆጠራል። በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የተቀነሰውንም ከኪሳችሁ መተካት አለባችሁ፤ 10,800 ተቀብላችሁ 10,800 ብትመልሱ 1,200ው እንደወጣ ይቀራል፣ ቅጣቱም በእሱ ላይ።

60 ቀኑ ካለፈና ኤፕሪል ላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ባትከፍሉም የታክስ ቅጹን በጊዜው አስገቡ። አለማስገባት በወር 5 በመቶ ነው የሚያስቀጣው፣ አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ። በጊዜው አስገብታችሁ የክፍያ ስምምነት ከያዛችሁ ወደ ሩብ በመቶ ይወርዳል፣ ወለዱ እንዳለ ሆኖ። እኔ በወር 150 ዶላር ከባንኬ እንዲወስዱ ፈቅጄ ነው የጨረስኩት። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አሁን ተከራይ አለ፣ የመጀመሪያው የኪራይ ብር ግን ለቧንቧ ነው የሄደው።